የአያ ቢሻው ምርቃት

ዝማሬ የአያቷን ድምፅ ከማታውቃት ሴት ስልክ ውስጥ የሰማችው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ነው።

መጀመሪያ አያቷ ራሳቸው የተሳፈሩ መስሏት ዞር አለች። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለችው መንደራቸው ለሕክምና ካልሆነ የማይወጡት አያ ቢሻው አዘዞ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? ከኋላዋ የተቀመጠችው ግን አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ ነበረች። በአንድ እጇ የተቀደደ የብስኩት ማሸጊያ ይዛ፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር እያየች ስልኳ ውስጥ ታስገባለች።

«ሸጋ ልጅ!» አለ ስልኩ በአያ ቢሻው ድምፅ። «እጅህ አይዛል፣ ጎታህ አይጉደል፣ የጀመርከው ይፈጸምልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።» መጨረሻው ላይ ትንሽ ሳል አለች። ሳሏ ሳትቀር የእሳቸው ናት። ከዚያ «ድምቢጥ፣ ድምቢጥ ብስኩት!» የሚል ዘፈን ከጭብጨባ ጋር ተከተለ።

ያን ምርቃት እዚህ መጻፉ ነውር የለውም። ከተሸጠ ቆይቷል።

«እህቴ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለች ዝማሬ።

«ገበጣ ነዋ! የድምቢጥ ገበጣ። አታውቂውም እንዴ? ሦስት ጊዜ ከተሸነፍሽ ይዘጋብሻል። ብስኩቱን ገዝተሽ ኮዱን ስታስገቢ ሽማግሌው ይመርቁሽና ይከፈትልሻል።» ሴትዮዋ ሳቀች። «ሲያስቁ! እኔን እንኳ ‹አንተ› እያሉ ነው የሚመርቁኝ።»

«ማሸጊያውን ትሰጪኛለሽ?»

ዝማሬ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ከማንኛውም ነገር አስቀድማ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ልማዷ ነው። የስንዴ ዱቄት። ስኳር። የአትክልት ዘይት። የወተት ዱቄት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ።

ፒያሳ መግቢያ ላይ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ሾፌሩ እስኪደነግጥ ድረስ ነው የጮኸችው። የት እንደምትሄድ ታውቃለች። ያ ምርቃት ከእሷ ስልክ ሌላ የተቀመጠው በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ልቧን የሰጠችው ሰውአገኝ ነው።

ከሰውአገኝ ጋር የተዋወቁት መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን፣ ከደባርቅ በሚመጣ አውቶቡስ ላይ ነበር፤ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እሷ አያቷን ጠይቃ ከአምባ ጊዮርጊስ ስትሳፈር የተገኘው ቦታ ከእሱ አጠገብ ነበር። ረጅም፣ ጢሙን ያልተላጨ፣ ዓይኑ ከስልኩ የማይነቀል ሰው። ስልኩ ላይ አንድ ትንሽ ውሻ ጋሪ ያባርራል።

ጋሪው ሦስት ጊዜ ሲያመልጠው አየች። በኋላ አላስችል አላት።

«ምነው፣ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?»

«ሥራዬ ነው» አለ ሳይቀየም። «ይህን ጨዋታ ያወጣው ማን ይመስልሻል? የውሻ ምግብ የሚሸጥ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ባዶውን ከረጢት ቆርጠሽ በፖስታ ስትልኪላቸው ጨዋታውን ይልኩልሻል። የእኛ ወላጆች ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር ሲሰለፉ እነሱ ለውሻ ምግብ ጨዋታ ይሠሩ ነበር።»

ዝማሬ ከት ብላ ሳቀች። እሱም ስትስቅ አይቶ ጎንደር እስኪደርሱ አላቆመም። አንድ የለስላሳ ኩባንያ የተቀናቃኙን ስም ፊደል በፊደል እየተኮሱ የሚጥሉበት ጨዋታ አሠርቶ ለሠራተኞቹ እንዳደለ ነገራት። ጨዋታው ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተጫዋቹ ምንም ቢመታ አይሞትም። ቆይቶም የቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ ሲዲ ይገባ ጀመር፤ ልጆች እህሉን ለሲዲው ሲሉ ያስገዙ ነበር። ሰውአገኝ ኮምፒውተር ተምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን የጻፈው በዚህ ላይ ነው። አሁን ፒያሳ፣ አንድ ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ፣ ለስልክ የሚሆኑ ነገሮችን የምትሠራ ትንሽ ቢሮ ተቀጥሯል።

«እኛ አገር ግን ማንም አልሠራም» አለ። «የመጀመሪያውን የምሠራው እኔ ነኝ።»

ይህን ሲል ዓይኑ በራ። ዝማሬ ያን ጊዜ የወደደችው ያን ብርሃን ነው፤ በኋላም ከሁሉ ይበልጥ ያናደዳት እሱው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው። መድኃኒት የማያስፈልገው ሰው ፋርማሲ ያዘወትራል። የራስ ምታት ክኒን ይገዛል፤ ራሱን ግን አያመውም። እሷ ክኒኑን ስትሰጠው ጣቶቻቸው ይነካካሉ፣ ሁለቱም ሌላ ሌላ ነገር ያያሉ። አንድ ቀን «ይኸ ሁሉ ክኒን ኩላሊትህን ይጎዳዋል፤ ባይሆን ውጭ ጠብቀኝ» አለችው። ጠበቃት።

መንደሯ የወሰደችው እሷ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ገበጣ የተፈለፈለበት ጠፍጣፋ አለት አለ። ማን እንደፈለፈለው የሚያስታውስ የለም። ከጾም ውጪ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ አያ ቢሻው እዚያ ይቀመጣሉ። ዝማሬን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የአካባቢው ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው። እርቁ አልቆ ባለጉዳዮቹ ሲሳሳሙ አያ ቢሻው ተነሥተው ይመርቃሉ፤ ያ ምርቃት ካልተሰማ እርቁ እርቅ አይባልም። ገበጣም ሲጫወቱ እንደዚያው፤ የተሸነፈውን መርቀው ነው የሚያስነሡት።

ሰውአገኝ ሦስት እሑድ ሄዶ ሦስቱንም ተሸነፈ። በሦስተኛው ሲመረቅ ዝማሬ ስልኳን አውጥታ ድምፃቸውን ቀዳች። አልጠየቀቻቸውም። የገዛ አያቷ ናቸው፤ ምን ብላ ትጠይቃለች?

በወሩ የሰውአገኝ እናት ሆስፒታል ገቡ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያድር ዝማሬ ያን ድምፅ ላከችለትና ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሲከፋህ ስማው።» እናቱ ተሻላቸው። ሰውአገኝ ግን ድምፁን መስማት አልተወም።

ዝማሬ ሦስተኛው ደርብ ስትደርስ ትንፋሽዋ ተቆራርጧል። ሰውአገኝ ብቻውን ነበር። ሲያያት ፊቱ ፈካ።

«ዝማሬ! ምነው፣ በሰላም ነው?»

ማሸጊያውን ኪቦርዱ ላይ ወረወረችው።

«በል አስመርቀኝ» አለች። «ኮድ ይዤ መጥቻለሁ።»

የሰውአገኝ ፊት አመድ መሰለ። ማሸጊያውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ማሸጊያውን አየ።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ጎንደር ሙሉ ተመርቆ ካለቀ በኋላ?»

«ለሙከራ ነበር ያስገባሁት። የሚያነብ ሰው እስኪገኝ፣ ቦታ እንዲይዝ ብዬ። የብስኩት ኩባንያው ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ሲሰሙት ተነሥተው አጨበጨቡ። ይህ ድምፅ እንዳይነካ አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ሰውአገኝ መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

«ደስ አለኝ» አለ። «ካንቺ ያገኘሁትን ነገር ሰው ሁሉ የወደደልኝ መሰለኝ።»

«ሰው ሁሉ እንዲሰማው ከፈለግክ ዝም ብለህ አታሰማውም ነበር? ምነው ብስኩት አስገዛኸው?»

ሰውአገኝ ዓይኑን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

«ለእናትህ ሕመም ነው የላክሁልህ! ሲከፋህ ብዬ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ፤ መሰንጠቁ ራሱ አናደዳት። «ምሳህን ምን በላህ?»

«ምን?»

«ዛሬ፣ ምሳህን ምን በላህ?»

«ሽሮ።»

«ይሄን አንብብልኝ። ጮክ ብለህ።»

ማሸጊያውን አንሥቶ አነበበ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የወተት ዱቄት» አለችለት። «አንተ በጾም ሽሮህን ትበላለህ፤ አያቴ ግን ወተት የሚበላውን ሁሉ ይመርቃሉ። ስድሳ ዓመት ጾም ያልሻሩ ሰው!»

«በጾም እንደሚያወጡት አልነገሩኝም። እኔም... አላሰብኩትም፣ ዝማሬ። እውነቴን ነው፣ አልመጣልኝም።»

«የአሜሪካውን የውሻ ምግብ ከነዓመቱ ታውቃለህ። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ አልመጣልህም!» ወደ በሩ ሄዳ ተመለሰች። «ያ የለስላሳው ጨዋታ ሰው አይሞትበትም ብለኸኝ ነበር አይደል? ያንተው ሰው ይገድላል። ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ።»

ደረጃውን ስትወርድ አለቀሰች። ከንዴት ነው እንጂ ከሐዘን አልነበረም፤ ቢያንስ ለራሷ ያለችው እንዲያ ነው።

ቅዳሜ ወደ መንደር ወጣች፤ ነገሩን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእሷ እንዲሰሙ ብላ። ደርሳ አያቷን ስታይ ግን አፏ ተያዘ። በማግሥቱ ትልቅ እርቅ ነበረባቸው። አለነና መልካሙ የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው፣ የመልካሙ ወንድም ክንዱን በዱላ ተሰብሮ፣ ከተኮራረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዘንድሮም ሳይታረቁ እርሻ ከገባ ደም እንደሚፈስ ያልገባው ሰው አልነበረም። አያ ቢሻው ከጥቅምት ጀምሮ ሁለቱ ቤት ሲመላለሱ ከርመው ነው ለዚህ ያደረሷቸው።

«ከእርቁ በኋላ እነግራቸዋለሁ» አለች ዝማሬ በልቧ። ጥፋቷ ይህ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ነገሩ ሁሉ በደንብ ሄደ። ድንበሩ ተነገረ፣ ካሣው ተነገረ፣ ሁለቱም እሺ አሉ። አያ ቢሻው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሰው ሁሉ አሜን ሊል እጁን ዘረጋ።

«አያ ቢሻው» አለ አለነ። «ይቅር ይበሉኝና ከምርቃቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

«ጠይቅ ልጄ።»

«አንቱን አክብሬ ነው እዚህ የመጣሁ። ግን ልጄ ከጎንደር ይዛው መጥታ አሰማችኝ። በጾም ወተት ያለበት ብስኩት ያስበላሉ አሉ። እውነት ነው?»

አያ ቢሻው የሰሙት አልገባቸውም። «የምን ብስኩት?» አሉ።

አለነ ስልኩን አውጥቶ ነካው። ሸጋ ልጅ፣ አለ ስልኩ፣ እጅህ አይዛል፣ ጎታህ አይጉደል። ሳሏ መጣች፤ ዘፈኑ ተከተለ። ከኋላ የቆሙ ጎረምሶች ሳቁን አፍነው አፍነው አመለጣቸው። አንዱ «አያ፣ ኮድ እናስገባ እንዴ?» አለ።

መልካሙ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እኔ የብስኩት ምርቃት አልቀበልም» ብሎ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ። አለነም በሌላ በኩል ሄደ። ስድስት ወር የተለፋበት እርቅ በአንድ ስልክ ድምፅ ተበተነ።

አያ ቢሻው እንደቆሙ ቀሩ። እጃቸው ለምርቃት እንደተዘረጋ ነበር።

«ይህን ማን ቀዳው?» አሉ።

ዝማሬ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ሁሉም ይጠብቃል።

«እኔ ነኝ፣ አባየ።»

አዩዋት። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በነጋታው ወደ ጎንደር ልትመለስ ስትል እንደ ልማዷ ፊታቸው ጎንበስ አለች። ከትምህርት ቤት ዘመኗ ጀምሮ ከዚያ ቤት እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ሳይመርቋት ወጥታ አታውቅም። አያ ቢሻው እጃቸውን አላነሡም።

«በይ፣ ደህና ግቢ» አሉ ብቻ።

አውቶቡሱ ጎንደር እስኪደርስ ዝማሬ በሁሉም ላይ ተናደደች። በብስኩቱ፣ በኩባንያው፣ በአለነ፣ በሳቁት ጎረምሶች፣ በሰውአገኝ፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። ሳትጠይቅ የቀዳችውም እሷ፣ የላከችውም እሷ፣ ሳትነግራቸው ያደረችውም እሷ።

ሰውአገኝ አልደወለም፤ እንዳትደውል ተብሏልና። በአራተኛው ቀን ግን ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል።

«ራስህን አመመህ?» አለችው ሳታየው።

«ድምፁን አወጣሁት» አለ። «ኩባንያውን ለመንኩ፤ ሰዉ የሚወደው እሱን ነው ብለው እምቢ አሉ። ጨዋታውን እያደሰ ወደ ስልኮች የሚልከው እኔ ነኝና፣ ድምፁን ራሴ አውጥቼ አዲሱን ላክሁት። ትናንት ቢሮው ከሥራ አባረረኝ። የኩባንያው ሰዎችም እንከስሃለን ብለዋል።»

«ስለዚህ ይቅር ልበልህ?»

«አላልኩም።»

«የአለነ ስልክ ውስጥ ያለውስ ወጣ?»

«አዲሱን ካልጫነ አይወጣም።»

«ከሰው ጆሮ ውስጥስ?»

አንገቱን ደፋ። ዝማሬ እዚያው በሽተኞች እያዩዋት ያለችውን ሁሉ አለችው። የመንደሩን ነገር፣ የተዘረጋውን እጅ፣ የመልካሙን ጋቢ፣ «ደህና ግቢ» የተባለችውን ነገረችው። ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሥራውን ሲያጣ ያልሆነውን ሆነ።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«እኔን ተወኝ። ስልኩንም ተወው። ስማቸው የጠፋው ወይራው ሥር ነው፤ እዚያው ሄደህ መልሰው።»

የሆሳዕና ዕለት ሄደ። ሰዉ የዘንባባ ቀለበት ጣቱ ላይ አስሮ ከቅዳሴ ሲወጣ ሰውአገኝ ወይራው ሥር ቆሞ ነበር። ዝማሬ ከሴቶቹ ጋር ሆና ከሩቅ አየችው። ሰው ሲያልፍ መንገድ እየለቀቀ ወደ ግንዱ ይሸሻል። ይህን በማየቷ ደስ ያላት መሰላት፤ ደስ ግን አላላትም።

«ስሜ ሰውአገኝ ነው፤ የአዘዞ ልጅ ነኝ» አለ። «ያን ጨዋታ የሠራሁት እኔ ነኝ። አያ ቢሻው አያውቁም። አልጠየቅኋቸውም። ገበጣ አሸንፈውኝ ሲመርቁኝ የተቀዳ ነው፤ የተመረቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለኔ የተሰጠኝን ምርቃት ለብስኩት ሰጠሁት። እሳቸው ጾም አልሻሩም፤ ያስሻርኩ እኔ ነኝ።»

አንዲት አሮጊት «ምነው ልጄ፣ አንተ እናት የለህም?» አሉ።

«አለችኝ። እሷን ያዳነልኝ ያ ምርቃት ነው ብዬ ነበር የማምነው። ቢሆንም ሸጥኩት።»

ይህን ሲሰሙ ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ተቆጡ። አንዱ ዱላውን አነሣ፤ ሌሎች ያዙት። ዝማሬ ከሴቶቹ መሃል ስትወጣ አልታወቃትም። ሄዳ ከጎኑ ቆመች።

«የቀዳሁት እኔ ነኝ» አለች። «የምትመቱ ከሆነ ሁለት ነን።»

ዱላ ያነሣው ሰው ዱላውን አወረደ። አለነ ከሰዉ መሃል ወጥቶ አያ ቢሻው ፊት ቆመና ራሱን ዝቅ አደረገ። «አንቱ ሳያውቁ አዋረድኩዎት። ይቅር ይበሉኝ» አለ። መልካሙም ቆይቶ መጣ፤ ሁለቱ እዚያው ተያዩና ሳይወዱ በግድ እጅ ተጨባበጡ።

«መርቁና ያብቃ» አሉ ካህኑ።

አያ ቢሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናንተን ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ምርቃት ግን የለኝም። ያለኝ አንድ ነበር፤ እሱም ስልክ ውስጥ ነው።» ከዚያ ሰውአገኝን አዩት። «አንተ፣ ጾሙ ሲፈታ እሑድ እሑድ ና።»

ከፋሲካ በኋላ ሰውአገኝ በየእሑዱ መጣ። ጎንደር አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ማስተማር ጀምሯል። ኩባንያው ክሱን ትቶ አንድ ተዋናይ ቀጥሯል፤ አሁንም ኮድ የሚያስገባውን ሁሉ ይመርቃል። ይመርቅ።

አለቱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጠጠሩን ያዞራሉ፣ ሰውአገኝ ይሸነፋል። አያ ቢሻው ጠጠሩን ሰብስበው፣ ልብሳቸውን አራግፈው፣ ሳይመርቁት ይነሣሉ። ያ ነው ቅጣቱ። በዝናብ መጣ፣ በጭቃ መጣ፣ አውቶቡስ የጠፋ ዕለት በጭነት መኪና መጣ። ሳይመረቅ ተመለሰ።

አንድ እሑድ፣ ነሐሴ ላይ፣ አያ ቢሻው ቤት ገብተው ዝማሬና ሰውአገኝ አለቱ አጠገብ ብቻቸውን ቀሩ። በፍልሰታ ጾም ገበጣ የለም፤ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም።

«ምነው መጣህ? ዛሬ ጨዋታ እንደሌለ እያወቅህ» አለችው።

«እሑድ እሑድ ና ነው ያሉኝ።»

ዝማሬ ጠጠር የሌለባቸውን ጉድጓዶች አየች። የዝናብ ውሃ ሞልቷቸዋል።

«እኔ አልበረደልኝም» አለች። «የበረደልኝ እንዳይመስልህ። ጠዋት ስነሣ ይመጣብኛል፤ አንዳንዴ ልመታህ ያምረኛል።»

«ይገባኛል።»

«አንተን ሳላይ ስቀር ደግሞ ይብሳል። ይኸም ያናድደኛል።»

ሰውአገኝ ቀና ብሎ አያት። አውቶቡስ ላይ የበራው ዓይኑ አልበራም፤ ሌላ ዓይን ነበር፣ የሚፈራ።

«ሂድ አትበይኝ እንጂ የፈለግሽውን በይኝ» አለ።

«ቁጭ በል» አለች። «እስኪበርድልኝ አጠገቤ ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። እጇን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

በጥቅምት አንድ እሑድ ሰውአገኝ አሸነፈ። መጀመሪያው ነበር። አያ ቢሻው ጉድጓዶቹን ደጋግመው አዩና በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። «ሽማግሌ ልትልክ አስበህ ነበር አይደል?» አሉት። «ላክ እንግዲህ። ምነው፣ እኔ እስክሞት ትጠብቃለህ?» እሱንም ብለው ሳይመርቁት ተነሡ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ዳሱ ሞልቷል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ግን ስለ ሙሽራዋ ልብስ አልነበረም፤ አያ ቢሻው ይመርቃሉ ወይስ አይመርቁም በሚለው ላይ ነበር። ከሁዳዴ ወዲህ ማንንም አልመረቁም። ዝማሬ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልወረደላትም። ያለ እሳቸው እጅ ከዚያ ቤት ብትወጣ ያ ቀን ዕድሜዋን ሙሉ እንደሚያቃጥላት ታውቃለች።

የመሄጃው ሰዓት ደረሰ። ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አያ ቢሻው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ሰዎቹም ልማድ ሆኖባቸው ስልካቸውን አውጥተው ወደ እሳቸው አቀኑ።

አያ ቢሻው ያን ሁሉ ስልክ ተራ በተራ አዩት።

«ቁና አምጡ» አሉ።

ባዶ ቁና መጣ።

«ሁላችሁም ስልካችሁን እዚህ ጨምሩ። ቪዲዮ የምታነሣውም ጨምር። የማይጨምር ካለ ይውጣ።»

ማጉረምረም ተነሣ። ዝማሬ የመጀመሪያዋ ሆና ስልኳን ጨመረች። ሰውአገኝ ሁለት ነበሩት፤ ሁለቱንም ጨመረ። ቁናው ዳሱን ዞሮ ሞልቶ ተመለሰ። አያ ቢሻው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው በላዩ አለበሱት።

«አለነ፣ መልካሙ፣ እናንተም ቁሙ» አሉ። «የአምናው ምርቃት ቀርቶባችኋል።»

ሁለቱ ሰዎች ከየተቀመጡበት መጥተው ከሙሽሮቹ ኋላ ጎን ለጎን ቆሙ። አያ ቢሻው አንዱን እጃቸውን ዝማሬ ራስ ላይ፣ ሌላውን ሰውአገኝ ራስ ላይ ጫኑ። እጃቸው ከባድና ሙቅ ነበረች። ዝማሬ ዓመት ሙሉ ጥርሷን ነክሳ የያዘችው ነገር ሁሉ ባንዴ ለቀቃትና እዚያው ሰው ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

የመረቁት በድሮው ቃል አልነበረም። አንዲቷም ቃል ከዚያ በፊት ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም፤ ስንት ወር ዝም ብለው ያጠራቀሟት እሷን ኖሯል። መልካሙ «አሜን» ሲል አለነ ክንዱን ያዘው።

ምን ብለው እንደመረቁ እዚያ ዳስ ውስጥ የነበረ ያውቃል። እዚህ አይጻፍም።